ቦርደዴ ነኝ፣ ልመለስ እንዴ?

ክረምት ሊገባ ሲል ሌላው ሰው ጣራው እንዳያፈስ ቀና ብሎ ያያል። እኔ ጎንበስ ብዬ አልጋ ስር ነበር የማየው። እዚያ የሚስቴ ሻንጣ አለ። ሰኔ ሲጋመስ ከአልጋው ስር ይወጣና በሩ አጠገብ ይቆማል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔን ማናገር ጣጣ ነው። "ምነው ብሩ፣ ማን አስቀየመህ?" ይሉኛል ደንበኞቼ። ማንም አላስቀየመኝም። ያስቀየመኝ ሻንጣው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚስቴ ሳህሊቱ እዚሁ ጭሮ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት። ያላት ዲፕሎማ ነው። ዲግሪ የሚፈልግ አስተማሪ በጋውን ያስተምርና ክረምት ላይ ተማሪዎቹ ሲያርፉ እሱ ተራውን ተማሪ ሆኖ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። መደበኛዎቹ ልጆች ለቀውት በሄዱት አልጋ ላይ ይተኛል፣ ሰልፍ ይዞ ይበላል፣ ጳጉሜን ላይ ከስቶ ይመጣል። እንዲህ እየተባለ አምስት ክረምት ይፈጃል። አምስት! የሰው ሚስት በነሐሴ ብርድ ከባሏ ጋር በቆሎ እሸት ስትጠብስ፣ የኔዋ ጂኦግራፊ ልትማር ከአዲስ አበባ ማዶ ትሄዳለች።

ታዲያ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ከመናኸሪያው ብዙም አይርቅም። የልብስ ሰፊ ክረምት ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ልንገረው፦ የጭሮ ልጅ ሁሉ የደንብ ልብስ የሚያሰፋው በዚያው ሰሞን ነው። ቁጭ ብድግ የለም። ፍልሰታ ጾም ነው፣ ዝናብ ነው፣ መብራት ይጠፋል፣ ልጃችን ሚስጥር ጉንፋን ይዟት ትነጫነጫለች፣ እኔ የመርፌውን ቀዳዳ ፍለጋ ዓይኔን አጠባለሁ። ጎረቤቴ ዑሙልኸይር ባትኖር ያቺ ልጅ በምን ታድግ ነበር? ዑሙልኸይር ከሱቄ ጎን ሻይና ሳምቡሳ የምትሸጥ ሴት ናት። ምላሷ ስለት ነው፤ ልቧ ግን ቅቤ። ጠዋት ጠዋት "አካም ቡልተ ብሩ? ዛሬም እንደ ደመና ነው ፊትህ?" ትለኛለች፤ ሚስጥርን ከኔ ተቀብላ ታጥባት፣ ታበላትና ፀጉሯን ጎንጉና ትመልስልኛለች።

ሳህሊቱን ስንት ጊዜ ለመንኳት መሰላችሁ። "ዲግሪ ምን ሊያደርግልሽ ነው?" እላታለሁ። "እዚህ በራችን ላይ ባጃጅ ከሚነዱት ልጆች ግማሹ ምሩቅ አይደለም እንዴ? አንዱ ባለፈው ሲቪል ኢንጂነር ነኝ ሲለኝ ከባጃጁ ልወርድለት ነበር። ጭማሪውስ ምን አላት? ከሽንኩርት ጋር ስትሯሯጥ ሁልጊዜ ሽንኩርት ነው የሚቀድማት።" ትስቃለች። "ለደመወዙ ብቻ መሰለህ?" ትለኛለች። "ታዲያ ለምንድን ነው?" ስላት ዝም። ልብሷን ታጥፋለች፣ በሶዋን ትቋጥራለች። ያቺ ዝምታዋ ነበረች ቆሽቴን የምታሳርረው።

የመጀመሪያውን ክረምት አልረሳውም። ሚስጥር ጡት ከጣለች ገና ነበር። ሳህሊቱ አውቶቡስ ላይ ስትወጣ ልጇን ዞራ አላየቻትም፤ ካየኋት አልሄድም ብላ ነው። እኔም ተናድጄ ስለነበር ሳልሰናበታት ወደ ሱቄ ተመለስኩ። ከጭሮ የወጣ አውቶቡስ ቁልቁል ወርዶ ወርዶ ቦርደዴ ላይ ይቆማል፤ ሰው ሻይ ይጠጣል፣ ውኃ ይገዛል። እዚያ ሲደርሱ ስልኬ ጮኸ።

"ብሩ፣ ቦርደዴ ነኝ" አለችኝ። ድምፅዋ ደረቅ ብሏል። "ልመለስ እንዴ?"

"ተመለሺ!" ብዬ ጮህኩባት። "ማን ሂጂ አለሽ? አሁኑኑ ተመለሺ!" ልኩን እየለካሁት የነበረው ሰውዬ እስኪደነግጥ ድረስ ነው የጮህኩት።

ሳቋ አመለጣት። "እንዲህ ከጮህክስ ደህና ነህ ማለት ነው" አለችና ዘጋችው። ሄደች።

ከዚያ ወዲህ የኛ ጨዋታ ሆነ። በየዓመቱ ቦርደዴ ስትደርስ ትደውላለች። "ልመለስ እንዴ?" ትለኛለች፣ "ተመለሺ!" እላታለሁ፣ ስቃ ትሄዳለች። ለሷ ጨዋታ ነው። እኔ ግን በየዓመቱ ከልቤ ነበር የምለው። ብትመለስልኝ ስል ነበር።

ስትመጣም እንደዚያው ነው። ጳጉሜን ላይ ስልኬ ይጮሃል፤ "ብሩ፣ ቦርደዴ ነኝ። ምን የሚበላ አለ?" ያን ጊዜ መቀሱም ይወድቃል፣ ደንበኛውም ይረሳል። ዑሙልኸይር ከወዲያ ሆና "መጣችልህ? ወላሂ ፊትህ ፈካ!" ትላለች። እኔ እንደ ጎረምሳ ፊቴን ታጥቤ፣ ሸሚዝ ቀይሬ መናኸሪያ በር ላይ እቆማለሁ። ከአውቶቡሱ ስትወርድ ጠቁራለች፣ ከስታለች፣ ዓይኗ ግን ያበራል።

ከዚያ ወሬ ነው። ወሬ ስላችሁ እንዲያው ተራ ወሬ እንዳይመስላችሁ። እራት ቀርቦ ይቀዘቅዛል። ሚስጥር ጭኗ ላይ ተኝታለች፤ እሷ እጇን እያወናጨፈች ስለ ደመና፣ ስለ ነፋስ፣ ጭሮ ስለምን ቀዝቅዞ ቦርደዴ ስለምን እንደሚነድ ታወራለች። ሁለተኛው ዓመት ላይ ነው መሰለኝ፣ "ታውቃለህ ብሩ፣ እዚያ ታች መሬቱ እየተሰነጠቀ ነው" አለችኝ። "ስምጥ ሸለቆ ማለት እሱ ነው። እኛ ያለንበት ደጋ ወደ ምሥራቅ፣ ያኛው ማዶ ወደ ምዕራብ፣ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየተራራቁ ነው።"

"ምን ያህል?" አልኳት።

"ካንተ ስፌት ከአንዷ ቀዳዳ እስከ ሌላዋ ያህል።"

"እሱማ ምን አላት" አልኳት። "እኛም በየክረምቱ እየተራራቅን አይደል?"

በትራስ መታችኝ። ልጅቷ ተነስታ አለቀሰች፣ እኛ ሳቅን። እንደዚያች ሌሊት ያለ ደስታ ከየት ይመጣል?

አምስተኛው ክረምት ደረሰ። የመጨረሻዋ ነው ብዬ ቀኑን እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። እና አንድ ነገር አሰብኩ። የሚመረቅ ሰው ጋውን ተከራይቶ ለብሶ፣ ፎቶ ተነስቶ ይመልሳል። እኔ ብሩ እያለሁ? የልብስ ሰፊ ሚስት የሰው ላብ የገባበት ጋውን ልትለብስ? አይደረግም! ጥሩ ጥቁር ጨርቅ ከድሬዳዋ አስመጣሁ። ልኳን በእጄ አውቀዋለሁ፣ ሜትር አላስፈለገኝም። የሰውን የደንብ ልብስ አቆይቼ የሷን ሰፋሁ። እጅጌውን ሰፋ አድርጌ፣ አንገቱ ላይ ሰማያዊ ገበር አስገባሁበት፤ ክሩን በጥርሴ ስበጥስ እንኳ በጥንቃቄ ነው። ሲያልቅ ተኩሼ ከሱቄ ግድግዳ ላይ፣ አላፊ አግዳሚ እንዲያየው፣ ፊት ለፊት ሰቀልኩት።

"ብሩ፣ ፈተና አለባቸው አላልክም?" አለችኝ ዑሙልኸይር። "ያ የመውጫ ፈተና የሚሉት?"

"አለ።"

"አልፋለች?"

"ሳህሊቱ መቼ ወድቃ ታውቃለች?"

"አቦ አንተ ሰው! ለሆድ ልጅ ልብስ ሲሰፋ አይተሃል? አውርደው።"

አላወረድኩትም። እንዲያውም ለገባ ለወጣው "የማን ነው?" እስኪሉኝ ነበር የምጠብቀው። "የባለቤቴ ነው" ስል ደረቴ ይነፋል። ለምርቃቱ ሚስጥርን ይዤ፣ ጋውኑን በላስቲክ ጠቅልዬ ልሄድ አውቶቡስ ላይ ቦታ ሁሉ ይዣለሁ። የሚመጣው ሁሉ አስቀድሞ "እንኳን ደስ አላችሁ" እያለ ሄደ።

ያን ጊዜ ስልክ አልተደወለም። ከቦርደዴ የሚባል ነገር አልነበረም።

ሱቄ ጢም ብሎ ሞልቷል። የደንብ ልብስ የሚጠብቁ እናቶች ከልጆቻቸው ጋር ተፋፍገው ቆመዋል። ቀና ስል ሳህሊቱ በሩ ላይ ቆማለች፤ ሻንጣዋ እግሯ ስር ነው፣ ነጠላዋ ረጥቧል። እኔ ተደናግጬ ሳልነሳ ዑሙልኸይር ቀደመችኝ፤ የሻይ ብርጭቆዋን እንደያዘች እልልታዋን ለቀቀችው። ሌሎቹም ሴቶች ተቀበሏት። ሱቁ በእልልታ ተናወጠ።

ሳህሊቱ ግን የምታየው ግድግዳውን ነበር። ጋውኑን። እልልታው አንድ በአንድ ቀዘቀዘ፤ መጨረሻ ላይ የአንዲት ሴትዮ ብቻ ቀርቶ እሱም ቀጥ አለ። ሚስቴ ገባች፣ እጅጌውን በጣቷ ዳሰሰችው።

"ስፌቱ ያምራል" አለች። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባች።

ለጥቂት ነበር የወደቀችው። ለጥቂት መውደቅ ደግሞ እንዴት እንደሚያንገበግብ! ፈተናው በኮምፒውተር ነው። ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ይዛ ያደገች አስተማሪ፣ ያንን ነገር በእጇ ነክታው አታውቅም። ከባዱን ጥያቄ እያለፈች ቀላል ቀላሉን ሠራች፤ ያለፈችው ጋ ልትመለስ ስትል እንዴት እንደሚመለሱ አላወቀችም። በዙሪያዋ ያሉት የልጇ ታላላቅ የሚሆኑ ወጣቶች ናቸው። "መምህር ሆኜ ይሄን ብጠይቅ ይስቁብኛል ብዬ አፈርኩ" አለችኝ። ተቀምጣ ስታየው ሰዓቱ አለቀና ስክሪኑ ራሱ ተዘጋ። አምስት ክረምት የለፋችው ሴትዮ፣ መልሱን እያወቀችው ወጣች።

"ፍታው" አለችኝ ጋውኑን። "ጨርቁ ጥሩ ነው። ለሚስጥር ቀሚስ ይወጣዋል።"

"እፈታዋለሁ" አልኳት። አውርጄ አጣጥፌ ከመደርደሪያው ላይ አኖርኩት።

ዳግመኛ መፈተን ይቻላል። ጥር ላይ አንድ ዕድል ነበር፤ አልተመዘገበችም። እኔም አላነሳሁባትም። ለምን ላንሳ? የፈለግኩት ምን ነበር? ሚስቴ ቤቴ ትሁን አልኩ፣ ይኸው ሆነች። እንዲያውም "ተይው፣ እንኳን ቀረብሽ፣ ከእንግዲህ አርፈሽ ልጅሽን አሳድጊ" አልኳት፤ እሷም "እሺ" አለችኝ። አንዲት ቃል እንኳ ሳትከራከረኝ።

ሳህሊቱ "እሺ" የምትል ሴት አይደለችም። እኔ ግን ይህን ልብ ያልኩት ቆይቼ ነው።

ከትምህርት ቤት ስትመጣ ሱቅ ትገባለች፣ ቁልፍ ትተክልልኛለች፣ ዘርፍ ታጥፍልኛለች። እራት በጊዜው ይቀርባል፣ በጊዜው ይበላል። ሚስጥር አንድ ቀን "እማዬ፣ ጨረቃ ለምን ትከተለናለች?" ብላ ጠየቀቻት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ብርቱካንና ሎሚ አስይዛ፣ መብራት አብርታ አጥፍታ ታስረዳት ነበር። "እኔ እንጃ ልጄ፣ አባትሽን ጠይቂው" አለቻት። እኔን! ስለ ጨረቃ!

"አሁንማ ደስ ይበልህ" ትለኛለች ዑሙልኸይር። "ሚስትህ ቤትህ ናት አቦ። ያ ሁሉ ለቅሶህ የት ሄደ?"

"ደስ ብሎኛል" እላታለሁ።

"ፊትህ ግን ሐምሌን ነው የሚመስለው።"

እንዲህ እንዲህ እያለ ሰኔ ጋመሰ። ሻንጣው ከአልጋው ስር አልወጣም። ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ አቧራ ለብሷል። ሰውየው እኔ አይደለሁም ወይ ያንን ሻንጣ ስረግም የኖርኩት? አቧራውን ጠረግኩለትና መልሼ ገፋሁት። ለምን እንደጠረግኩት አላውቅም።

የክረምት ተማሪዎቹ የሚሄዱበት ቀን ደረሰ። ሳህሊቱ የሥራ ባልደረቦቿን ልትሸኝ መናኸሪያ ሄደች። ከመሰላም ከቦኬም የመጡ አስተማሪዎች አሉ፤ ብርድ ልብሳቸውን ጠቅልለው፣ ቆሏቸውን ቋጥረው፣ እየተሳሳቁ አውቶቡሱን ሞሉት። ሱቄ በር ላይ ሆኜ አያታለሁ። አውቶቡሱ ተንቀሳቅሶ ከሄደ በኋላም ቆማለች። ዝናቡ ጀመረ፣ ሰው ሁሉ ሮጠ፤ እሷ ግን ባዶውን ቦታ እያየች ነው። በስብሳ መጣች። ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ቁልፍ መትከል ያዘች።

እኔም የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ጥቂት ቆይቼ ቀና ስል ስልኬን አየሁት፤ ጠረጴዛው ላይ ነው። ለምን እንዳየሁት ወዲያው አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ፤ ሰዓቱ ነው። አውቶቡሱ አሁን ቦርደዴ ደርሷል። ስልኩ የሚጮኸው በዚህች ሰዓት ነበር።

ሳህሊቱም መርፌዋን እንደያዘች ስልኬን እያየችው ነው።

ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ሚስቴ ፊት ለፊቴ፣ ጉልበቷ ጉልበቴን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ናፈቀችኝ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ናፈቀችኝ! ያቺ ከቦርደዴ የምትደውልልኝ፣ ከስታ መጥታ ዓይኗ የሚያበራው፣ እራት አቀዝቅዛ ስለ ነፋስ የምታወራኝ ሴት የት ናት?

"ደርሰው ይሆናል" አልኳት።

ይሄን ስላት መርፌው ከእጇ ወደቀ። አለቀሰች። በወደቀች ጊዜ እንኳ እንደዚያ አላለቀሰችም።

"ምን ሆንሽ? ዲግሪው ነው?" አልኳት።

"ዲግሪው አይደለም ብሩ። ሁልጊዜ ለምን ትለኝ ነበር፣ መልሱን እኔም አላውቀውም ነበር፤ አሁን ሲቀርብኝ ነው ያወቅኩት። እዚያ ስቀመጥ የማላውቀውን ነገር የሚነግረኝ ሰው አለ። እዚህ አዋቂዋ እኔ ነኝ፤ ልጆቹ ይጠይቁኛል፣ የማውቀውን ሰጥቼ ሰጥቼ አልቋል። ደብተር ይዤ ከኋላ መቀመጥ ናፈቀኝ። 'ለካ እንዲህ ኖሯል' ማለት ናፈቀኝ። እዚያ ስሆን ደግሞ እናንተ ትናፍቁኛላችሁ፤ አዲስ ነገር በሰማሁ ቁጥር ይሄንንስ ለብሩ እነግረዋለሁ እያልኩ ነው ቀኑን የምቆጥረው። አሁን የምነግርህ ነገር የለኝም። ባዶዬን ነው የተቀመጥኩት።"

እኔ ለካ ስጣላው የኖርኩት፣ እሷን እሷ የሚያደርጋትን ነገር ነው! ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ አትጠይቁኝ፤ እኔ ስናደድ ሥራ ነው የሚታየኝ።

"ተነሺ" አልኳት።

"ወዴት?"

"ተነሺ አልኩ እኮ!"

ዝናቡ ሳያባራ ዚያድ ዘንድ ወሰድኳት። ዚያድ ከመንገዱ ማዶ ኮምፒውተር ቤት አለው፤ ማመልከቻ ይጽፋል፣ ፎቶ ኮፒ ያነሳል። "ዚያድ" አልኩት፣ "ይቺን ሴትዮ ያንን ነገር አስነካልኝ። ወደፊት እንዴት ይኬዳል፣ ወደኋላ እንዴት ይመለሳሉ፣ እስክታውቀው አትልቀቃት።" ሳህሊቱ በሃፍረት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ዚያድ ግን ወንበር አቀረበላትና "እትዬ ሳህሊቱ፣ እኔንስ ማባዛት ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ? ሲጠፋብኝ መቼ ሳቁብኝ?" አላት። ተማሪዋ መሆኑን እኔ እንኳ አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ ቀን ማውሱን እንደ ትኩስ ድንች ነበር የምትይዘው። ግን በየቀኑ ሄደች። መስከረም ከጠባ ደግሞ ከትምህርት ቤት ወጥታ ዚያድ ዘንድ፣ ከዚያ ቤት። ቁልፍ መትከሉ ቀረ፤ ይቅር! የድሮ ደብተሮቿ ከካርቶን ወጥተው ጠረጴዛውን ሞሉት፣ እራት እንደገና ይቀዘቅዝ ጀመር። አንድ ምሽት ሚስጥር ከመሬት ተነስታ "እማዬ፣ ያን ጊዜ ያልነገርሽኝን የጨረቃዋን ነገር ንገሪኝ" አለቻት። ሳህሊቱ ልጇን አየቻት፤ ከዚያ ሎሚ አምጪ አለቻት። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ሸሚዝ የምተኩስ መስዬ እንባዬን ጠረግኩ።

ዑሙልኸይር ነገሩ አልገባትም። "አንተ ሰውዬ፣ ስትሄድ ታለቅሳለህ፣ ስትቀር ታለቅሳለህ፣ አሁን ደግሞ ራስህ ልትሰዳት ነው? ጅን ነው እንዴ የያዘህ?" አለችኝ።

"ዑሙ፣ እኔም አልገባኝም" አልኳት።

ጥር ገባ፣ ለፈተናው ተመዝግባለች፤ ጥምቀት ዋለ። በማግስቱ ሻንጣዋን ከአልጋው ስር ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከመውጣቷ በፊት ሱቅ ገብታ ወደ መደርደሪያው አየች።

"ጋውኑን አልፈታኸውም" አለችኝ።

"መቀሴ ደንዟል።"

"ዓመት ሙሉ?"

"የጭሮ መቀስ ሞራጅ ሁሉ ሞቷል" አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ፊቷ ከበድ አለ። "ብሩ፣ ዳግመኛ ብወድቅስ?"

"ያን ጊዜ እናስብበታለን።"

"ሁለተኛ እንዳትሰቅለው።"

"አልሰቅለውም።"

መናኸሪያ ድረስ ሄድን። ሚስጥርን አቅፋ ሳመቻት፤ በዚህ ጊዜ ከመስኮቱ ዞራም አየቻት። አውቶቡሱ ሲሄድ ልጅቷ እጇን ስታወዛውዝ ቆየች፣ እኔ ሱቄ ገባሁ። አንድ ሱሪ አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ሌላ አነሳሁ። ክሩ አልገባልህ አለኝ። ዑሙልኸይር ሻይ አምጥታ ሳትጠየቅ ተቀመጠች። ሁለታችንም ስልኩን እናያለን።

ጮኸ።

"ብሩ፣ ቦርደዴ ነኝ።" ከኋላዋ የውኃ ሻጮች ጫጫታ ይሰማል። ድምፅዋ እንደዚያን ጊዜው ነው፣ እንደ መጀመሪያው ዓመት፤ ደረቅ ብሎ ይንቀጠቀጣል። ጨዋታ አልነበረም። ፈርታለች። "ልመለስ እንዴ?"

አፌ እኮ ለምዶታል። "ተመለሺ" ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። ብላት ደግሞ የዛሬው እንደ ሌላ ጊዜው ስቃ የምታልፈው አልነበረም፤ ትመለስልኝ ነበር። ከማታ በፊት እዚህ በሬ ላይ ትሆን ነበር።

"እንዳትመለሺ" አልኳት።

ዑሙልኸይር ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

"ብሩ?"

"አለሁ። እንዳትመለሺ አልኩሽ። ሂጂ። ስትመጪ ደግሞ ከዚያው ከቦርደዴ ደውዪልኝ። አለፍሽም ወደቅሽም ደውዪልኝ። ብቻ ያለ ስልክ እንዳትመጪብኝ።"

ሳቅዋን ጠበቅኩ፣ አልሳቀችም። አፍንጫዋን ስትስብ ሰማኋት። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ።

"መሬቱ ካለፈው ጊዜ ትንሽ ተራርቋል" አለችኝ።

"ይራራቅ" አልኳት። "አንቺ ብቻ መጥተሽ ንገሪኝ።"

ዘጋችው። ሚስጥር እጄን ይዛ "አባዬ፣ እማዬ ምን አለች?" ትለኛለች። ዑሙልኸይር ዓይኗን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች "ያ ረቢ፣ እናንተስ ጉዶች ናችሁ" አለች። ገና አዋሽን እንኳ አልተሻገረችም፣ እኔን ግን ናፍቆቷ አንጀቴን ይዞ ይጎትተው ጀምሯል፤ እንደ ድሮው፣ ደህና አድርጎ። ስልኩን እንዳይጠፋብኝ ከመኪናው አጠገብ አስቀመጥኩትና ክሩን በመርፌው አስገባሁ።